የሁለት ሰው ትንፋሽ

እህቴ ስንቅነሽ በሞተች በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። ውጪ ያለ ጭንብል መተንፈስ ከቀረ ወዲህ ለቅሶ የሚደረሰው በየተራ ነው። ግድግዳችን ላይ ባለው የመስታወት ገንዳ የሚኖሩት ዲያቶሞች፣ ማለትም የባሕር ደቃቅ ዕፀዋት፣ የሚሰጡን አየር ለሁለት ሰው ብቻ ይበቃል።

እትዬ አስካለ ጭንብላቸውን አውልቀው «ወይኔ ስንቅነሽዬ!» እንዳሉ የአየር ማነስን የሚያሳየው የበሩ መብራት ቀላ።

«ምነው? ሁለት ነን እኮ!»

ከጣሪያው የተንጠለጠለችውን ፍሬ በል የሌሊት ወፍ አሳየኋቸው። ስንቅነሽ ከግልገልነቷ ጀምራ በፓፓያ ያሳደገቻት ናት፤ እኔና እህቴ የቀንና የሌሊት ሥራ ተከፋፍለን ቤት የምንገባው በየተራ ነበር።

«ይህቺ የውሻ ፊት! አስወጣታ!»

«ትሞታለች፣ እትዬ። በእሷ ልክ የተሠራ ጭንብል የለም።»

«ታዲያ ምን ትሠራልሃለች? ዲያቶሙስ በዐይን ባይታይም ያኖርሃል። እሷ ትንፋሽ ከመሻማት በቀር ምን ታውቃለች?»

«ስንቅነሽን ታውቃለች። ዲያቶሙ ሰው መሞቱንም አያውቅም። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከእጄ ፓፓያ አልቀመሰችም።»

እትዬ አስካለ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ቆዩ። የአየሩ ማስጠንቀቂያ ደወል መጮህ ጀመረ።

«እንግዲያ ከእኔ ይልቅ ለሟች የምትቀርበው እሷ ናት» አሉና ጭንብላቸውን አጥልቀው ወጡ።

በሩን ዘግቼ በበሩ መስታወት አየኋቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ደረታቸውን ይደቁ ነበር። እያለቀሱልኝ እንደ ነበር ከትከሻቸው አወቅሁ፤ ድምፃቸው ግን ወደ ውስጥ አይገባም።