የእጅ ውርወራ

ታናሽ እህቴ ሶልያና «እስቲ ሙያሽን አሳዪኝ» ስትለኝ ኳሱን አነሣሁ። እሷ ግን ማበጠሪያ ይዛ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ሹሩባ ሥሪኝ ማለቴ ነው! ነገ ትምህርት ቤት ፎቶ እንነሣለን።»

ዓመቱን ሙሉ በእግር ኳስ ጨዋታ የእጅ ውርወራ ስወረውር አንዱ እጄ እየቀደመ፣ ዳኛ ኳሱን ለተጋጣሚ ይሰጥብኝ ነበር። ልምምዱ ቢያስመርረኝ ትናንት ሙያ ጫኚ ዘንድ ሄጄ ትክክለኛውን አወራወር ክንዴ ላይ አስጫንኩ። አዲስ ሙያ ሲጫን አንድ የቆየ ይጠፋል፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

ፀጉሯን ለሦስት ከፈልኩት። ጣቶቼ ቆሙ። የጠፋብኝ እናታችን ከመሞቷ በፊት ያስተማረችኝ አሠራር ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ፀጉሩ ተቋጠረ።

«አመመኝ! ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ቆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«በቃ ተዪው! ሂጂ ኳስሽን ሹሩባ ሥሪው።»

በማግስቱ ስጫወት ዳኛው አንድም ጊዜ አላፏጨብኝም። ሶልያና ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ፎቶ ተነሣች።