ሳሎን የተቀመጠ አማች

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆነው ይቁነጠነጡ ነበር። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከዱርቤቴ ከመጡ ወዲህ፣ ሽንት ቤቱ ከሳሎኑ ጋር መጣበቁ ዕረፍት ነሥቷቸዋል። አማቻቸው እዚያው ተቀምጦ ድምፅ ቢሰማስ?

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ! ትታመሚያለሽ» አለች ልጃቸው በሹክሹክታ።

«አማቼ እየሰማ? ሞቼ እገኛለሁ!»

አማቻቸው ድንገት ብድግ አለና «እማማ፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር ደርሼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። እሳቸውም እየተጣደፉ ገቡ።

ቀለል ብሏቸው ሲወጡ በመስኮት አዩት። የግቢውን ዘበኛ የቆርቆሮ ሽንት ቤት በር እየደበደበ ነበር። «ጋሼ ገድሉ፣ ኧረ ይፍጠኑ!»

«አንቺ ከመጣሽ ወዲህ እዚያ ነው የሚሄደው፤ ያፍርሻል» አለች ልጃቸው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ተከናንበው በመስኮቱ ተጣሩ፦ «ና ግባ፣ ልጄ! እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም መውጣቴ ነው!»