ትንንሾቹን አትንኩ

የኤርጎጌ አስከሬን ወደ ሆሳዕና ተላከ።

ባሏ አቢሶ አብሯት አልሄደም። በያዘው የስደተኛ ወረቀት ከደቡብ አፍሪካ ከወጣ መመለስ አይችልም። ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር ባለችው ሱቁ፣ ከልጁ ከፅናት ጋር ቀረ።

እሁድ እሁድ የጎረቤት ልጆች ለአያታቸው መቃብር አበባ ይዘው ይሄዳሉ። ፅናት አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ታያቸዋለች።

«የእማዬስ መቃብር?»

«አገር ቤት ነው።»

«ታዲያ እኔ አበባዬን የት ላስቀምጥ?»

አቢሶ ብዙ ቀን አሰበበት። ከዚያ ስልኩ ላይ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለች አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ አየ። የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ድንጋዮች ባሕሩን እያዩ ተደርድረዋል። እሱ አገር በጥንት መቃብሮች ላይ እንደሚታዩት ዓይነት ትክል ድንጋዮች ናቸው።

ዓርብ ጠዋት ታክሲ መጣ። የሱቅ ሸሪኩ ደጉ ሻንጣውን ሲያነሳ አቃሰተ።

«ምንድን ነው የጫንክበት?»

«የልጅ ልብስ።»

«ብረት ነው እንዴ የምታለብሳት? ደግሞ ድንጋይ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ! ሴትዮ አግኝተህ ከሆነ አትደብቀኝ።»

የሱቁ በር በነፋስ ተወርውሮ ጓ አለ። ደጉ እየተራገመ ሮጠና የለስላሳ ሳጥን አስደገፈበት።

በማግስቱ ድንጋዮቹ ጋ ሲደርሱ ጥበቃው ጣቱን ቀሰረ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ትንንሾቹን እንዳትነኩ። ሰው እየነቀለ ይወስዳቸዋል። ስትወጡ እፈትሻለሁ።»

ፅናት አበባዋንና የአሸዋ መጫወቻ አካፋዋን ይዛ ቀደመች፤ አቢሶ ሻንጣውን እየጎተተ ተከተላት። ጥበቃው ሌሎች ጎብኚዎችን ሲያስገባ ቆየ። ዞር ሲል አባትና ልጅ በረድፉ ጫፍ ሣሩ ውስጥ ተንበርክከዋል።

«ሄይ! ምን ትቆፍራለህ?»

«ልጄ እየተጫወተች ነው።» የአቢሶ እጅ እስከ ክንዱ አፈር ለብሷል።

«አንተስ? አንተም ልጅ ነህ?»

ጥበቃው በሩ ላይ ሻንጣውን ዘረገፈው። ሹራብ፣ ዳቦ፣ አካፋ። የልጅቷን ኪስ ሳይቀር ዳበሰ። ተመልሶ ድንጋዮቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ራሱን አከከ።

«አልጎደለም» አለ ቅር እያለው። «ሂዱ።»

ፅናት ባዶ እጇን አውለበለበችለት።

እሁድ ከሰዓት ሮዘተንቪል ሲደርሱ ደጉ ከበሩ ጋር እየታገለ ነበር።

«እሺ፣ ሴትዮዋ እንዴት ናት?» ብሎ አቢሶን ጠቀሰው።

«ደህና ናት» አለች ፅናት።

ደጉ ከት ብሎ ሳቀ። በሩ እንደገና ጓ ሲል ሳቁ ጠፋ።

«ኧረ ይሄ በር ሊገድለኝ ነው! በሩን የምናስይዝበት ድንጋይ የት ገባ? ያ ኤርጎጌ ከጀርሚስተን መንገድ ተሸክማ ያመጣችው?»

አቢሶ በጆግ ውሃ ቀዳና፣ ከበሩ ውጭ እንደቆሙ፣ መጀመሪያ የፅናትን እጅ አጥቦ፣ ከዚያ የራሱን ታጠበ።