የዶሪን አንቴና

የእሁዱ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሊጀመር ሲል የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊው ግራንት ስልኩን አንስቶ “ቁረጡት” አለ። በዶሪን ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ጭልም አለ። ዶሪን በምትመራው የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅት በኩል የሚያዩ የአሜሪካዋ ኦማሃ ከተማ ቤቶችም ሁሉ የእሱን ጣቢያ አጡ። “አሁን ደንበኞችሽ እየጮሁ ይደውሉልሻል” አላት ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ። “ጣቢያዬን ለማስተላለፍ የጠየቅኩሽን ጭማሪ ክፈይና ልመልሰው።”

ዶሪን ከመሳቢያዋ ሁለት ቀንድ ያላት ትንሽ አንቴና አወጣች፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካቻት፣ ቀንዶቿንም ቀስ አድርጋ ወደ መስኮቱ አዞረቻቸው። የግራንት ጣቢያ በኬብሉ ከሚታየው ይበልጥ ጥርት ብሎ ከች አለ።

“ይህችን የመሰለች ለየደንበኛው ቤት አድለናል” አለችው። “በአየር ላይ በነፃ የምትለቁት እናንተው አይደላችሁ እንዴ?”

ግራንት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስንቱን ሲያስጨንቅ ኖሮ በገዛ ጣቢያው የመታው ሰው አልገጠመውም ነበር። ሊቆጣ አስቦ ሳቁ አመለጠው። “አንቺ ሰይጣን!”

“በል፣ ወደ ድርድራችን እንመለስ” ብላ አንቴናዋን ልትነቅል እጇን ዘረጋች።

“ኧረ ተያት!” አለ፣ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ እየጎተተ። “በአምናው ዋጋ ተስማምቻለሁ፤ ብቻ ጨዋታው እስኪያልቅ እንዳትነቅያት።”