የማን እርምጃ ነው?

ከፈለኝ አንድ እግሩን ያነክሳል። ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለች የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በጥበቃነት ጥርሱን ነቅሏል፤ በወቀሳም አንጀቱ አሯል። ያኔ የመመዝገቢያው መርፌ ጥላሸት የተቀባ ወረቀት ሲጭር፣ ኋላም ብዕር በቀለም ሲያሰምር፣ ከአዲስ አበባው ዋና ቢሮ የሚደወልለት ስልክ ያው ነበር።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ መሣሪያው ክፍል ውስጥ አይመላለሱ ብለናል! አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ቀለል ያለ እርምጃ እየገባ መረጃውን አበላሸብን እኮ!»

«ኧረ እኔ ደጅ ነኝ!» ቢል ማን ሰምቶት።

ዘንድሮ ኮምፒውተር መጣ። ልትተክለው የመጣችው ቴክኒሺያን አብነት የመሣሪያውን ክፍል አስቆለፈችና ጥበቃ ቤት ከከፈለኝ ጎን ተቀምጣ ከመሣሪያው ጋር በገመድ የተገናኘውን ስክሪን ከፈተች። ወዲያው ጭረቶች ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ቀለል።

አብነት ዞር ብላ የከፈለኝን እግር አየች። አልተንቀሳቀሰም።

«አየሽ? አየሽልኝ?» ብሎ ጮኸ፣ የስንት ዓመት ንዴቱ ገንፍሎ። «ቁልፉም ይኸው እጄ ላይ!»

ስክሪኑ ላይ ጭረቶቹ እያነሱ ሄዱ። የሚራመደው ከመሣሪያው እየራቀ ነበር።

ከማዶ፣ የተቆለፈው የመሣሪያው ክፍል በር ሲጢጥ ብሎ ከውስጥ ተከፈተ።