ያኮረፉት

ሞዴሉን እንደገና አስነሳዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ክሮች ይርመሰመሳሉ፤ እየተፈላለጉ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ሃያ ሁለቱ ጥንዶች ይገጥማሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክሮች ዳርና ዳር ይቀራሉ።

«አሁንም አኮረፉ!» እላለሁ። ሳይገናኙ የሚቀሩትን ክሮሞሶሞች ቢሯችን ውስጥ የምንጠራቸው እንደዚህ ነው።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ብቻዬን አትተወኝም፤ ሥራ ቦታ ድረስ ተከትላኝ መጥታለች። ሦስተኛውም ጽንስ ጨነገፈብኝ። ሐኪሙ «ችግሩ እንቁላሉ ላይ ነው፤ ክሮሞሶሞቹ በትክክል አልተጣመሩም» አለኝ። ለእኔ፣ ስንት ዓመት ይህንኑ መጣመር በኮምፒዩተር የሚያሳይ ሞዴል ስሠራ ለኖርኩት!

አሁን የማስነሳው ለጥናት አይደለም። አንዴ ሁሉም ሲገናኙ ካየሁ የሚቀጥለው ልጄ ይተርፍልኛል ብዬ ነው። እብደት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምይዘው የለኝም።

«ቀዩ ምንድን ነው?»

«ካንቺ የወረስኩት። ሰማያዊው ከአባዬ።»

«አይ ጉድ!» ትስቃለች። «እኔና አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሳትና ጭድ! ሃያ ሁለቱ መስማማታቸውም ተመስገን ነው።»

እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ቁልፉን እጫናለሁ። አሁንም ሁለቱ አኮረፉ።

«ይሄ መጣመር መቼ ነው የሚሆነው?»

«ሆድሽ ውስጥ እያለሁ» እላታለሁ፣ ተማሪ እንደማስረዳ፣ ዐይኔን ከክሮቹ ሳላነሳ። «የሴት ልጅ እንቁላል ገና ሳትወለድ ነው መዘጋጀት የሚጀምረው።»

ክንዴን ጭብጥ ታደርገዋለች። ዞር እላለሁ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንቺን አርግዤ አባትሽን አኩርፌው ነበር» ትላለች። «እናቴ ቤት ገባሁ። ደጅ ቢጠናኝ፣ ቢለምነኝ፣ እምቢ አልኩት። ልትወለጂ ስትይ ነው የተመለስኩት።»

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እንደሱ አይደለም! ማኩረፍ ያልኩት የቢሮ ቀልድ ነው። ያንቺ ኩርፊያ እዚህ ምን አገባው?»

ደግሜ አስረዳታለሁ። ትሰማኛለች፤ ግን አታምነኝም። ያቺን ቃል ወደ አፌ የሚመልስልኝ ባገኝ ምን ባልሰጠሁ።

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ትጎትታለች። ለብቻዋ የቀረችው ቀይ ክር ላይ ጣቷን አስቀምጣ፣ ቀስ አድርጋ፣ ወደ ሰማያዊው ትገፋታለች። ክሯ ንቅንቅ አትልም።

«ሂጂ» ትላታለች በሹክሹክታ። «ሂጂ፣ ታረቂው።»