ፔዳሉ የት ይተከል

«እሱን አይደለም፤ ያንን» አለች አመለሸጋ፣ በግራ እጇ ወደ አስቀያሚው ፔዳል እያመለከተች።

ፍሮምሳ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሁለቱንም የቧንቧ ፔዳሎች ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክሞ አምቦ ያደረሰው እሱ ነው። ለወጉ «አማርጪ» አላት እንጂ ልቡ ያረፈው በትንሹ ላይ ነበር። ትንሹ ያብረቀርቃል፤ ከሲንኩ ግርጌ ተደብቆ ይገጠማል፤ በጫማ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ውሃው ይወርዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ትልቁ ግን እንደ ስፌት መኪና መርገጫ የሰፋ ብረት ነው፤ ረጅም ቱቦ አስከትሎ ወለሉ ላይ ያስቀመጡት ቦታ ይገተራል።

«አዮ፣ ይኼ እኮ ሰው ያደናቅፋል» አላት እናቱን።

«የሚያደናቅፍ ከሆነ ለምን አመጣኸው?»

ቧንቧ ሠራተኛው ጉታ ከወገቡ በላይ ሲንኩ ሥር ገብቶ ስለነበር የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሳቁ ግን ወጥ ቤቱን ሞላው።

አመለሸጋን ስትሮክ ከመታት ወዲህ እግሯ በብዙ ልፋት ተመልሶላታል፤ ቀኝ እጇ ግን ደረቷ ላይ እንደታጠፈ ቀርቷል። እሷን ያንገበገባት ወጥ አለመሥራቷ አይደለም፤ ወጡን ልጇ ቢሊሴ ትሠራዋለች። በአመለሸጋ ቤት እንግዳ የሚያስታጥብ ሌላ ሰው ኖሮ አያውቅም። በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳፋ ይዛ፣ ክንዷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ፣ ሹምም ይሁን የቀን ሠራተኛ ራሷ ነበረች የምታስታጥበው። ጆግና ሳፋ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋሉ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባና «አሞኛል በሏቸው» ትላለች፣ ሳያማት።

ነገ ቢሊሴን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች ለመጨረሻው መልስ ይመጣሉ። እሺ ከተባሉ ማዕድ ይቀርባል። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት ስለማትወጣ፣ ለማስታጠቡ ጎረቤት ትለመን ተባለ። አመለሸጋ ይህን ከሰማች በኋላ እራቷን አልቀመሰችም። ፍሮምሳ ይህን አይቶ ነው፣ ኩባያዋን እንኳ በአንድ እጇ ራሷ ብታጥብ ደስ ይላታል ብሎ ፔዳል ፍለጋ የወጣው። ሲያገኝም ልቡ አብጦ ነበር፤ ጊንጪ ትምህርት ቤት አብረውት ለሚያስተምሩት ሁሉ ፎቶውን በስልኩ አሳይቷል።

«እሺ፣ የቱን ልግጠም?» አለ ጉታ ከሥር። «ውሃው ዛሬ ተራችሁ ነው፤ ሳይሄድ ልሞክረው።»

«ትልቁን።»

«ከሲንኩ ፊት ለፊት ነዋ?»

«አይደለም። እዚህ፣ በጎን በኩል።» ወደ ሳሎን ከሚያስወጣው በር አጠገብ ሄዳ ወለሉን በቀኝ እግሯ መታ መታ አደረገች።

ጉታ እየተሳበ ወጣና ቦታውን አየው። «አደ አመለሸጋ፣ እዚያ ከሆነ እኮ የሚታጠበው ሰው እግሩ አይደርስም።»

«አይድረስ።»

ፍሮምሳ ደነገጠ። ሐኪሙ አንዳንድ ነገር ሊምታታባት ይችላል ብሎት ነበር፤ ያ ቀን ዛሬ መጣ ማለት ነው? ጠጋ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። «አዮ፣ ስሚኝ። እጅሽ ሲንኩ ውስጥ ሲሆን እግርሽ እዚህ—»

«ፍሮምሳ፣ እኔ ተማሪህ አይደለሁም።»

ፍሮምሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጉታም ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ቱቦውን በግድግዳው ጥግ አዞረ፤ ብረቱን ወለሉ ላይ አጥብቆ አሰረው። የዋናውን መስመር ውሃ ከፈተና ጥቁር ቅባት የለበሱ እጆቹን ሱሪው ላይ ሊጠርግ ሲል አመለሸጋ አስቆመችው።

«ጉታ፣ ኮቱ። ና ታጠብ።»

በግራ እጇ ፎጣ ከምስማሩ አወረደች፤ የታጠፈው ቀኝ ክንዷ ላይ አኖረችው። ያ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ያንከራተታት ክንድ ፎጣውን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ከዚያ በሩን ከጀርባዋ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ከሲንኩ ጎን ቆመች።

ጉታ እጁን ከቧንቧው ሥር ዘረጋ። እግሩ በልማድ ወለሉን ሲፈልግ ምንም አላገኘም። ወዲያው ውሃው ወረደለት።

ዞር ብሎ ሲያይ የአመለሸጋ እግር ፔዳሉ ላይ ነው። እጁን ሰበሰበ። «ኧረ በፈጣሪ! እርስዎ ለእኔ?»

«ታጠብ ልጄ። በዚህ ቤት የማስታጥበው እኔ ነኝ።»

ጉታ ወገቡን ሰበር አድርጎ ታጠበ። ሳሙናውን ሲያነሳ ውሃው ቆመ፤ አሽቶ ሲጨርስ፣ እሱ ሳይጠይቅ፣ ውሃው ተመልሶ ወረደለት። እንዲህ ያለውን ልክ የሚያውቀው ዕድሜ ልኩን ሰው ያስታጠበ ብቻ ነው። ፎጣውን ከክንዷ ላይ በሁለት እጁ ተቀበለ። «ገለቶማ አዮ፣ ይክበሩልኝ።»

«ሽማግሌዎቹ ታዲያ ወጥ ቤት ሊገቡ ነው?» አለ ፍሮምሳ።

«ይግቡ! ወጥ ቤቴ ምኑ ያሳፍራል? ይልቅ ያቺን ጎረቤት አመስግናችሁ ተይው በሏት።»

ፍሮምሳ እናቱን አያት። ያ በስልክ ሲያሳየው የከረመው የራሱ ኩራት ትንሽ ሆነበት፤ በእሷ ኮራ፣ ዓይኑ እስኪሞላ ኮራ። እሷ ፎጣውን ከጉታ ተቀብላ ክንዷ ላይ መለሰችና እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችው።

የፍሮምሳ እጅ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ሁለት እጁን ከቧንቧው ሥር ዘረጋ፤ እግሮቹንም ከፔዳሉ ራቅ አድርጎ አቆመ።